ደቦ በኳስ ሜዳ

ክንፈሚካኤልን እጠላዋለሁ። ወሬውን ሳልጀምር ይህን ብናገር ይሻላል፤ ኋላ ደብቆ ነበር እንዳልባል። የፍኖተ ሰላምን ክለብ፣ የላህ ኮከብን የገዛው እሱ ነው። አዲስ አበባ ገንዘብ እያበደረና አክሲዮን እየሸጠ የከበረ ሰው ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት በረኛ ነበርኩ፤ ጉልበቴ ሲከዳኝ የሜዳው ጠባቂ ሆንኩ። ሣሩን የማጭደው፣ መስመሩን በኖራ የማሰምረው እኔ ስመኘው ነኝ። ክለቡ ከሄደ የምጠብቀው የላም ግጦሽ ነው።

ሊሄድም ነበር። በጥቅምት ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ፣ "እዚህ ተመልካች የለም፤ ክለቡን ወደ አዲስ አበባ ልወስደው ነው" አላቸው። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። እሱ ፈገግ ብሎ፣ "እሺ፣ በሜዳችን ሦስት ጨዋታ አለን። በአንዱ እንኳ ሜዳውን ከሞላችሁት ክለቡ ከዚህ ንቅንቅ አይልም። ካልሞላችሁት አትውቀሱኝ" አለ። ካሜራም እየቀረጸው ነበር። ሽማግሌዎቹ ሣቁ። በሚካኤል ቀን መቆሚያ የሚጠፋበትን ሜዳ ሙሉ ይለናል! ተስማሙና መርቀውት ተነሡ።

ቀኑን የጠየቀ አንድም ሰው የለም። እኛ ዘንድ ኳስ የሚታየው በሬ በማይጠመድበት፣ ማጭድ በማይነሣበት በበዓል ቀን ነው። ሌላ ቀን አለ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

መርሐ ግብሩ ሲለጠፍ ሦስቱም ማክሰኞ ሆኑ። ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ያውም በጤፍ አጨዳ! ለቴሌቪዥን የሚመቸው ይህ ነው ተባልን። አላወቀም እንዳትሉኝ። ሰውየው የቡሬ ገጠር ልጅ ነው፤ የቄስ ኪዳነ ማርያም ልጅ። እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ በኅዳር ከአባቱ ጎን ጤፍ ሲያጭድ ኖሯል። ገበሬ ማክሰኞ የት እንደሚውል ከኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ቀኑን ለውጥልን ብለን ደወልንለት፤ አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

በመጀመሪያው ጨዋታ ሰባ ሰው መጣ፤ በሁለተኛው ከዚያም አነሰ። የእሱ ካሜራ ኳሱን ትቶ ባዶውን መቀመጫ ይቀርጽ ነበር። ደሜ ፈላ። በማግስቱ በአይሱዙ ተሳፍሬ ወደ አባቱ ሄድኩ።

ቄስ ኪዳነ ማርያም ከጤፋቸው ዳር ቆመው አገኘኋቸው። ጤፉ ደርሷል። መስቀላቸውን ተሳለምኩና ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው።

"አባ፣ በረዶ ሲያስቸግር ቀኑን በግዝት አስረው ሰውን ከሥራ ያስቆሙ የለም ወይ? የፊታችንን ማክሰኞ ይገዝቱልን።"

"ለኳስ?"

"ለአገሩ ነው፣ አባ።"

"አይ ስመኘው። በዓል የእግዚአብሔር ነው፤ እኔ ከኪሴ አውጥቼ አልሰጥህም።" ከዚያ፣ "ቀኑን ማክሰኞ ያደረገው ማን ነው?" አሉኝ።

"ልጅዎ።"

"ሳያውቅ ይሆናል።"

"ከዚህ ማሳ ላይ ያደገ ልጅ እንዴት ሳያውቅ ይቀራል?"

አባ ጎንበስ ብለው አንድ የጤፍ ዛላ በመዳፋቸው አሹ። ያባትና የልጅ ነገር ነው፣ ለልጃቸው አደሉ ብዬ በልቤ እየረገምኳቸው ተመለስኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት በሩን ከፍቼ ብቻዬን ቆምኩ። ክንፈሚካኤል ቀድሞ መጥቷል፤ ሰዓቱን ያያል። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከቡሬ በኩል አይሱዙ መጣ፣ ከኋላው ሌላ፣ ከሌላው ኋላ ሌላ። ጭነቱ ሁሉ ገበሬ ነው። ግማሹ ማጭዱን እንደያዘ ወረደ።

"ምንድን ነው ነገሩ?" አልኩት አንዱን።

"የአባ ደቦ ነው" አለኝ። "እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማክሰኞ ደቦዬ ነው አሉን። ጠዋት ማሳቸው ላይ ስንሰበሰብ፣ የዘንድሮ ደቦዬ ኳስ ሜዳ ነው፣ ውጡ ብለው መኪና ላይ ጫኑን።"

የንስሐ አባቱ ደቦ ሲጠራ የሚቀር ሰው የለም። አባ ደግሞ የአምስት ደብር ሰው ንስሐ አባት ናቸው። መቀመጫው ሞላ፣ ዙሪያው ሞላ፣ አጥሩ ላይ ሳይቀር ሰው ተንጠለጠለ። አባም ራሳቸው መጡ፤ ደቦ የጠራ ያበላልና ጠላና ዳቦ በጋሪ ገባ። ግማሹ ገበሬ የኳስ ደንብ አያውቅም፤ የባላጋራ በረኛ ኳስ ሲይዝም ያጨበጭባል። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ጨዋታው ባዶ ለባዶ አለቀ። ክንፈሚካኤል ካሜራው ፊት ቆሞ ክለቡ አይሄድም አለ። ምን ያድርግ! ከዚያ ሰው ሁሉ እያየው ወደ አባቱ ሄደና መስቀል ሊሳለም አንገቱን ደፋ።

አባ መስቀሉን ወደ ደረታቸው መለሱት።

"የዓመቱን ደቦዬን እዚህ ጨርሻለሁ። ጤፌ ቆሟል" አሉት። "መጥተህ እጨድ፤ ስትጨርስ ትሳለማለህ።"

"አባዬ፣ ሃምሳ ሰው እቀጥርልዎታለሁ። ነገውኑ!"

"ሰው አለኝ" አሉ በእጃቸው ሜዳውን እያሳዩ። "የጎደለኝ ልጅ ነው።"

ክንፈሚካኤል አንገቱን እንደደፋ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። መኪናው የቡሬን መንገድ ትቶ ወደ አዲስ አበባ ታጠፈ።

በማግስቱ ማጭዴን ይዤ ቡሬ ወረድኩ። ሌላው ሰው የራሱ አዝመራ ላይ ነበርና እኔና አባ ብቻችንን አጨድን፤ ሰማዩ ደመና ቋጥሮ ያስፈራል። እኔ ክለቤ ቀርቶልኛል፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን በዋናው መንገድ መኪና ባለፈ ቁጥር ሽማግሌው ማጭዳቸውን አቁመው ቀና ይላሉ። አንድም አልዘለሉም፣ አይሱዙውንም ባጃጁንም አዩት። እስኪመሽ ድረስ እንደዚያው ሆኑ።