ኮከቡን የጋረደው

የሺሃረግ ከሆቴሉ ጋር ከተጣላች ሁለት ዓመት አልፏታል። ሆቴሉ ስለ ጠቡ የሚያውቀው ነገር የለም፤ እሷ ግን አንድም ቀን ረስታው አታውቅም። ካዛንቺስ ካለው ቤቷ ፊት ለፊት እንደ ግንብ ተገትሮ፣ ማታ ማታ አናቱ ላይ በሚበራው ሰማያዊ ጽሑፍ ግቢዋን ሠርግ ቤት አስመስሎታል። ይኼ ሳያንስ የመንገዱ መብራት ተጨመረ፤ ዛፎቹ ሳይቀሩ አምፖል ተጠመጠመባቸው። ቀና ስትል የሚታያት እንደ እጣቢ የደፈረሰ ሰማይ ነው። ኮከብ የሚባል ነገር የለም።

«ኮከባችንን መልሱልን ብላለች በልልኝ» ትለዋለች የሆቴሉን ዘበኛ ሙክታርን።

«ሥራ አስኪያጁ ጋ አስገባዎታለሁ እትዬ፤ ብቻ መጀመሪያ ስንት እንደነበረ ቆጥረው ይምጡ» ይላታል እየሳቀ።

«ኪንታሮት እንዲወጣብኝ? አንተው ቁጠር!»

አንድ ቀን ሙክታር ወደ ላይ አንጋጦ «ኧረ አንዳንዱ ይታያል እኮ እትዬ፣ ያውና» አላት። ሲያሾፍባት ነው ብላ ተቆጥታው ሄደች።

ለሰሚው ቀልድ ይምሰል እንጂ ነገሩ የምሯ ነው። ያ ሰማይ የእሷና የጓደኛዋ የመድኃኒት ነበር። ሁለቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ አንድ ግድግዳ የሚለያቸው ጎረቤታሞች ነበሩ። የሺሃረግ መሥሪያ ቤት ስትተይብ ውላ፣ መድኃኒትም ልብስ ስትሰፋ ውላ፣ ሲመሽ አግዳሚያቸውን ደጅ አውጥተው ሽቅብ እያዩ ሰው ያማሉ። ለኮከቦቹ የሰው ስም አውጥተውላቸዋል። ብቻውን ቦግ ብሎ የሚወጣው ትልቁ የየሺሃረግ የመምሪያ ኃላፊ ነው፤ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ለማንም አይጠቅምም። ተሰልፈው የሚወጡት ሦስቱ ደግሞ የኃላፊው አጎብዳጆች ናቸው።

ከዚያ ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ የመድኃኒት ቤት ፈረሰና ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳት። የየሺሃረግ ቤት ከማፍረሻው መስመር ወዲህ ስለሆነ ተረፈ። ግድግዳቸው አሁንም አለ፤ በወዲያኛው በኩል ግን ቤትም ሰውም የለም። ድሮ መድኃኒት ስታነጥስ ከወዲህ «ይማርሽ» የምትለው የሺሃረግ፣ አሁን የሰው ድምፅ እንዲሰማት ብላ ቴሌቪዥኑን ከፍታ ትተኛለች። ብቸኝነቱ አንገሽግሿታል።

«ኮከቡ ሁሉ እኮ ወደዚህ ነው የተዛወረው» ትላታለች መድኃኒት ስትደውል። «ኃላፊሽም እዚህ ነው! ደግሞ አንዷ ክፍል ባዶዋን ነው ያለችው። ነይና አብረን እንኑር። ነፍሱን ይማረውና ባሌን ስንት ዓመት አስታመምኩት፤ ከእንግዲህ ሰው ደግፌ ሽንት ቤት አላደርስም፣ ድርሻዬን ጨርሻለሁ። እኔና አንቺ እየበላን እየሳቅን፣ በቃ!»

የሺሃረግ ብዙ አሰበችበት። የጥር ዑራኤል ሲቃረብ ቆረጠች። ልብሷን በሻንጣ ከተተች፣ ለመድኃኒት ግን አልነገረቻትም። በዓሉን ልታከብር ስትመጣ፣ አመሻሹ ላይ እንደ ድሮው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ልትነግራት ፈለገች።

መድኃኒትም መጣች። ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው፣ ምሳ በልተው፣ የቀረ የሰፈር ሰው ሳይተርፋቸው አምተው መሸ። አግዳሚውን አወጡ። የሆቴሉ መብራት ቦግ አለ። የሺሃረግ ጉሮሮዋን ጠርጋ «ስሚ መድኃኒት» ስትል ድርግም አለ።

መብራት መጥፋቱ ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሆነው የሆቴሉ ጀነሬተር አለመነሳቱ ነው። የመንገዱም፣ የዛፎቹም፣ የሕንፃዎቹም ሁሉ ጠፋ። ጎረምሶች አፏጩ፤ ከዚያ ሰፈሩ ዝም አለ።

«ወይኔ የሺዬ!» አለች መድኃኒት አንጋጣ። «ቀና በይማ! እነሱ እኮ የትም አልሄዱም! ኃላፊሽ ያውልሽ፣ ልክ ከሆቴሉ ራስ በላይ! ሦስቱም አሉ!»

የሺሃረግ ቀና አለች። ምንም የለም። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ነው ብላ ጠበቀች። መነጽሯን በነጠላዋ ጫፍ ወልውላ መልሳ አደረገች። ሰማዩ ድፍን ጥቁር ነበር።

እስከዛሬ በሆቴሉ ስታሳብብ የኖረችው ሁሉ ተራ በተራ መጣባት። ደረጃ ስታ የወደቀችው የሆቴሉ መብራት አንጸባርቆባት ነበር። የዳዊቱ ፊደል የደበዘዘባት በዚያው መብራት ዓይኗ ደክሞ ነበር። ሙክታርም ሲያሾፍባት ነበር።

እናቷ ትዝ አለቻት። እናቷ በጠራራ ፀሐይ «ምነው ዘንድሮ ጭጋጉ በዛ» ትል ነበር፤ ጭጋጉ አልገፈፈላትም። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት እጇን ይዛ ዑራኤል ያደረሰቻት፣ ያጎረሰቻት፣ ያጠበቻት የሺሃረግ ናት። እናቷን ትወዳት ነበር። ግን ደክሟት ነበር፤ አንዳንድ ቀን የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተደግፋ «መቼ ነው የማርፈው?» እያለች አልቅሳለች።

«አየሽው?» አለች መድኃኒት።

«አየሁት» አለች የሺሃረግ። «ዛሬም ለማንም አይጠቅምም።»

መድኃኒት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ስትጨርስ ጉልበቷን መታ አደረገቻት። «በይ አሁን ቁርጡን ንገሪኝ። መቼ ነው የምትመጪው?»

«አልመጣም።»

«ምን?»

«እዚሁ ይሻለኛል። ለምጄዋለሁ።»

«ምኑን? ማን ቀረሽ እዚህ?»

የሺሃረግ ወደ ሆቴሉ ዞረች። «መብራቱን» አለች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ስትረግሚው የኖርሽውን?»

«ለምጄዋለሁ አልኩሽ እኮ።»

መድኃኒት ተነስታ ነጠላዋን አጣፋች። «ገባኝ። ዳር አገር ነው ብለሽ ነው። አንቺ የመሃል ከተማ ሰው ነሻ!»

የሺሃረግ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ሁሉንም ልትነግራት ቃጣት። ብትነግራት መድኃኒት ምን እንደምትል ታውቃለች። «ታዲያስ? ተነሺ እንሂድ» ነው የምትላት፤ ዛሬውኑ ሻንጣዋን ተሸክማ ትወስዳታለች። አፏን የያዛትም ይኸው ነው።

ልትሸኛት ወጡ። መድኃኒት ተኮሳትራም ቢሆን ክንዷን ሰጠቻት። «ያዢኝ፣ ድንጋይ አለ» አለች። የሺሃረግ ባላት ኃይል ያዘቻት። «ቀስ፣ እዚህ ጋ ቦይ ነው።» ባልና ሚስቱም፣ እናትና ልጁም ተያይዘው ያልፋሉ፤ በዚያ ጨለማ ለምን ተያያዛችሁ የሚል የለም። የሺሃረግ የመድኃኒት ክንድ ሙቀት እየተሰማት፣ ምነው ይኼ መንገድ ባላለቀ አለች በልቧ።

ታክሲው ጋ ሲደርሱ መብራት መጣ። ሰዉ «ሆ!» አለ። ሰማያዊውም፣ ነጩም፣ የዛፎቹም አንድ ላይ በርቶ ዓይኗ ውስጥ ተደፋባት። በዚህ ሁሉ ብርሃን የሰው ክንድ የሚያስፈልጋት ሰው ምን እንደምትባል አሰበች። እጇን ከመድኃኒት ክንድ አወጣችና ነጠላዋን የምታስተካክል መሰለች።

መድኃኒት የተለቀቀውን ክንዷን አየች።

«ለካ የምትፈልጊኝ ለጨለማ ብቻ ነው» አለችና ታክሲው ውስጥ ገባች።

የሺሃረግ ልትሰናበታት በመስኮቶቹ ፈለገቻት። መስታወቱ ላይ ከሚያብረቀርቀው በቀር የሚታያት አልነበረም። ለሁሉም መስኮት እጇን አወዛወዘች። ታክሲው ከሄደ በኋላ የቆርቆሮውን አጥር እየዳበሰች ወደ ቤቷ አቀናች፤ መንገደኛው በመብራቱ እየተጣደፈ ግራና ቀኝ ያልፋት ነበር።