የአንድ ሚሊዮን አንድ አካፋዮች

የውሃ ቆጣሪ በምንጠግንበት ክፍል የእኔ ጠረጴዛ ከመዝጋቢዋ ጠረጴዛ ሦስት እርምጃ ቢርቅ ነው። ቆጣሪውን ፈትሼ ስጨርስ መለያ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ከዚያ ብዕሯን አገጯ ላይ አድርጋ «እሺ፣ ይሄስ ምን አመል አለው?» ትለኛለች። በስንት በስንት እንደሚካፈል እነግራታለሁ። ከአንድና ከራሱ በቀር በምንም የማይካፈል ሲገጥመን «ብቸኛ ቁጥር» እላታለሁ፤ ትምህርት ቤት እንደዚያ ነው የተማርነው። ቃሉን ትወደዋለች። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር የማወራው ይህችን ብቻ ስለሆነ ቃሉን የእኔና የእሷ አድርጌ ይዤው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት 1000001 መጣ። እስካሁን ካየነው ሁሉ ትልቁ። ገና አፌን ሳልከፍት በያጁ፣ ሎጋው የምንለው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከኋላዋ ቆመ።

«በሁለት እምቢ፣ በሦስት እምቢ፣ በአምስት እምቢ። አለቀ እህቴ፣ ብቸኛ ነው! ልክ እንደኔ።»

«አንተ ደግሞ ብቸኛ!» ብላ ሳቀች። ለእኔ እንደዚያ ስቃልኝ አታውቅም።

በያጅ ነው፣ ብረቱን ይበይድ፤ በቃሌ ምን ቤት ነው?

ሥራዬን ትቼ የካርቶን ጀርባ ላይ ማካፈል ጀመርኩ። በሰባት ሁለት ተረፈ። በአስራ አንድም ሁለት፣ በአስራ ሦስትም ሁለት፤ ቁጥሩ ራሱ ከሎጋው ጋር የተማከረ መሰለኝ። ሠላሳዎቹን፣ ሃምሳዎቹን፣ ዘጠናዎቹን አለፍኩ። ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል፣ መቶ አንድ ላይ፣ ምንም አልተረፈም።

ካርቶኑን ይዤ ሄድኩ። «ብቸኛ አይደለም። መቶ አንድ ሲባዛ በዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ ነው።»

«ኧረ ተው ፈላስፋው! በአንድ ቁጥር ልትገድለኝ ነው?» አለ ሎጋው እየሳቀ። ትንሽ እንኳ አልከፋውም። ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

እሷ ካርቶኑን ተቀበለችኝ። «እሰይ! ጠዋቱን ሙሉ ሲያሳዝነኝ ነበር እኮ። ጓደኛ አለው ማለት ነው።» ከዚያ ብዕሯ አገጯ ላይ ወጣች። «ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንዱስ? እሱስ ብቸኛ ነው?»

ጥያቄው ወደ እኔ ተመልሷል።

«ምሳ እየበላን ይነግርሻል። ና እንጂ ወንድሜ» አለ ሎጋው።

እኔ ግን ሳላረጋግጥ አልናገርም። ከእሱ የምሻለው በዚህ ነው አልኩ በልቤ። «እናንተ ሂዱ። ስትመለሱ እነግርሻለሁ።»

«የምርህን ነው?» አለችኝ። በሩ ላይ ቆማ ትንሽ ጠበቀች። እኔ በሰባት ማካፈል ጀምሬያለሁ።

ሳቋ ከግቢው ተሰማኝ፣ ቀጥሎ ከመንገዱ፣ ከዚያ ጠፋ።

መቶ በመቶ ሲባዛ ከቁጥሩ ስለሚበልጥ፣ እስከ ዘጠና ሰባት መሞከር ይበቃል። በዘጠና ሰባት ሳካፍለው ሰባት ተረፈ። ብቸኛ ነው።

ካርቶኑን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። ሎጋው ቀድሞ አይቶ እንዳይነግራት ብዬ መልሼ አነሳሁትና ኪሴ ከተትኩት።