ወደ ሰማይ ያደገ ሥር

በሽልማቱ ቀን ጠዋት የተሰጠኝ ሥራ ቀላል ነበር፤ ከወንዙ ዳር ሜዳ ከጥልቅ ተቆፍሮ የወጣውን የአፈር ናሙና አጽድቼ አዳራሹ መድረክ ላይ ማቆም። ናሙናው ክንድ የሚያህል የአፈር ዓምድ ነው፤ ለሁለት ተሰንጥቆ በመስታወት ሳጥን ተቀምጧል። ከታች ጠጠር፣ ከላይ ጥቁር አፈር። የአለቃዬ ጥናት የቆመው በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ነው። ወንዙ ድሮ ጠጠሩን ጥሎ ሄዷል፤ ከዚያ ወዲህ ሣር በቅሎበታል፤ ስለዚህ ሜዳው ቤት ይሠራበታል። የዓመቱን የወንዝ ምርምር ሽልማት ያሸነፉት በዚህ ነው። እህቴም በመጀመሪያው ዙር ቦታ ደርሷት ቤቷን የምትሠራው እዚያው ሜዳ ላይ ነው።

የናሙና ቱቦ ከጉድጓድ ሲወጣ ሥርዓት አለው፤ የላይኛው ጫፍ ቀይ ክዳን፣ የታችኛው ጥቁር። አንዴ ከተከደነ ማንም መልሶ አያጣራም፤ ሁላችንም ክዳኑን እናምናለን።

መስታወቱን ስወለውል ጥቁሩ አፈር ውስጥ የሣር ሥር አየሁ። ወፍራሙ ጫፍ ከታች ነው፤ ቀጫጭኖቹ ወደ ላይ ተበትነዋል። እጄ ቆመ። ሥር ወደ ሰማይ አያድግም። ሳጥኑን ብገለብጠው ሥሩ ቦታውን ያዘ፤ ጠጠሩም ከላዩ ተከመረ። ወንዙ ጥሎ አልሄደም፤ ሣር የበቀለበትን ሜዳ መጥቶ ቀብሮታል።

ሳጥኑን ታቅፌ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ተማሪዎች «አባ ጠጠር» ይሏቸዋል፤ በፍቅር ነው። ያስተማሩኝም የቀጠሩኝም እሳቸው ናቸው። ክራቫታቸውን እያሰሩ ነበር።

«ጋሼ፣ ክዳኑ ተገላብጦ ነው የታሸገው። ሥሩን ይዩት።»

ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ። ጆሯቸው ቀላ።

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

«ጎሽ። ከሽልማቱ በኋላ እናየዋለን።»

«ከንቲባው እኮ ዛሬ መድረኩ ላይ የሜዳውን ሁለተኛ ዙር የቤት መሥሪያ ቦታ ሊያድሉ ነው!»

«አንተ ልጅ፣ ሙሽራን በሠርጉ ቀን ምርመራ ትልከዋለህ?» ብለው ሳቁ። «ስህተት ይታረማል። ወንዙ ነገ አይመጣም!»

ተሳሳቱ ብዬ አልቆጣም፤ ሜዳ ላይ ዝናብ እያባረረው ማንም ክዳን ያቀያይራል። ግን አይተው፣ አውቀው፣ ወደ ክራቫታቸው መመለሳቸው! ሳጥኑን እንደታቀፍኩ ወጣሁ።

አዳራሹ በር ላይ እህቴ አዲስ ጫማዋ እየነከሳት ጠበቀችኝ።

«የድንጋይ ሐኪሙ መጣ! ምነው ፊትህ፣ በሽተኛህ ሞተብህ እንዴ?»

«እታለም፣ መሠረቱ ተጣለ?»

«ግማሹ ተጣለ! ጎረቤቶቼ ‹ውኃ ቢመጣስ› ሲሉኝ፣ ‹ወንድሜ እዚያ ቢሮ እያለ!› እላቸዋለሁ። አፋቸው ይዘጋል።»

የእኔም አፍ ተዘጋ። ገብቼ ሳጥኑን መድረኩ ላይ በትክክለኛው አቅጣጫ አቆምኩት፤ ጠጠሩ ከላይ።

አለቃዬ ንግግራቸውን ሲጀምሩ ዘንግ አነሱ። «እንደ ልማዳችን ከታች እንጀምር» አሉ። ዘንጉ ጥቁሩ አፈር ላይ አረፈ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ፈገግ አሉ።

«ረዳቴ ከደስታው ብዛት ሳጥኑን ዘቅዝቆታል!»

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው በሁለት እጃቸው አንስተው መልሰው ገለበጡት። በገዛ እጃቸው!

«ሥሩስ?» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «ሥር ወደ ላይ ያድጋል? ይንገሯቸው፣ ጋሼ! ጠዋት አይተውታል!»

ሳቁ ተቆረጠ። ጥበቃው ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። የሽልማቱ ዳኞች ሰብሳቢ፣ አንዲት አዛውንት፣ መነጽራቸውን አድርገው ወደ መድረኩ ወጡና ሳጥኑ ላይ አጎነበሱ። አለቃዬ የሆነ ነገር ሊያስረዱ ሲጀምሩ ሰብሳቢዋ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው። ከዚያ የሽልማቱን ዋንጫ ከከንቲባው እጅ ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ዛሬ ሽልማትም የለም፤ የሚታደል ቦታም የለም» አሉ።

ጥበቃው ለቆኝ ስወጣ እህቴ ደጅ ደረሰችብኝ። ልታቅፈኝ መስሎኝ ነበር።

«ጠዋት ነው ያወቅከው?»

«አዎ።»

«በር ላይ ቆመን መሠረቱን ጠየቅከኝ! ጠየቅከኝና ዝም አልክ?»

«እታለም…»

«እሳቸውም ዝም አሉ፣ አንተም ዝም አልክ። በምን ተለያያችሁ?»

ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና በሜዳው መንገድ መሮጥ ጀመረች፤ ግንበኞቿ እዚያ የቀረውን መሠረት ሊሞሉ ሲሚንቶ እያቦኩ ነበር።