ሸምሶ በስልኩ ያየው

ሸምሶ ቡታጅራ ገበያ ዳር ዛላ በርበሬ መሸጥ ከጀመረ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ለሶላት ሲሄድ ሱቁን ቆልፎ አያውቅም። አግዳሚ ወንበሩን በሩ ላይ ያጋድማል፣ ጎረቤቱን ብርቱካንን "መጣሁ" ይላታል፣ አለቀ። ብርቱካን ልብስ ሰፊ ናት። ገዢ ሲመጣ መዝሙሯን እያንጎራጎረች ከስፌት መኪናዋ ትነሳና መዝና ትሸጥለታለች። እሷ ቸርች ስትሄድ ደግሞ ደንበኞቿን የሚቀበልላት እሱ ነው።

ባለፈው ወር ልጁ ሙስተፋ ከአዲስ አበባ መጣና ካሜራ ገጠመለት። በርበሬ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ሱቅ ከፍቶ መሄድ ምን የሚሉት ነው አለ፤ ከእንግዲህ የትም ሆነህ በስልክህ ታየዋለህ አለው። እውነቱን ለመናገር ሸምሶ ነገሩን አልወደደውም፣ ግን ልጅ ያመጣውን እንዴት ይመልሳል? ብርቱካንም ሌባ ይፈራል ብላ ስቃ አለፈች።

ጣጣው የመጣው ከስልኩ ነው። መጀመሪያ ዉዱእ ከማድረጉ በፊት ብቻ ያይ ነበር። ከዚያ ጫማውን ሲያወልቅም ማየት ጀመረ። ኋላማ ሶላቱ እንዳለቀ፣ ገና ዱዓ ሳያደርግ እጁ ኪሱ ይገባል። ሱቁ ባዶ ከሆነ ማን ይገባ ይሆን ይላል፣ ሰው ከገባ ምን ይነካ ይሆን ይላል። እንቅልፍ እንኳ አጣ ሰውየው።

ማክሰኞ በቀትሩ ሶላት፣ በዙህር ላይ የፈራውን አየ። ብርቱካን ገዢ ሳይኖር ገባች። ግራ ቀኙን አየች። ጥግ ያለውን ጆንያ ፈታች፣ እጇን እስከ ክርኗ ሰደደች፣ ዛላውን እየመረጠች ፌስታል ሞላችና ይዛ ወጣች። ሸምሶ መስጊዱ ደጃፍ ላይ አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ እንዳስገባ ደርቆ ቀረ። ሚስቱ አሚኔ ስታርፍ ለቀስተኛውን ስታስተናግድ የሰነበተችው ብርቱካን! ማን ቢነግረው ያምናል?

ሲመለስ ፊቱን አጥቁሮ፣ ሰላም እንኳ ሳይላት አለፈ። ምን ይበላት? ስሰልልሽ አየሁሽ ሊላት ነው? ረቡዕ ግን ለዙህር ሲሄድ የብረት መዝጊያውን ስቦ ቆለፈ። ድምፁ ባጃጅ ተራው ድረስ ተሰማ። ብርቱካን ስፌቷን አቁማ አየችው። ሐሙስም ቆለፈ፣ ለጁምዓም ቆለፈ።

ቅዳሜ ጠዋት ፌስታሉን ይዛ መጣች። በርበሬው ደርቆ ይንኮሻኮሻል። የጥጉን ጆንያ የሸጠልህ ሰው ሚዛን እንዲያነሳለት ውሃ አርከፍክፎበታል አለችው። ሽታው እሷ ጋ ድረስ ሲመጣ ከየት እንደሆነ ፈልጋ፣ ሻጋታው ሳይዛመት የረጠበውን ለቅማ ቆርቆሮዋ ላይ አስጥታለች። ማክሰኞ ሲመለስ ልትነግረው ነበር፣ ፊቱን አይታ ተወችው። ረቡዕ የቀረውን ልትለቅም ስትል እሱ ቆልፎ ሄደ። ሸምሶ ጆንያውን ፈታ። እስከ ግማሹ ነጭ ሻጋታ ለብሷል።

"ለምን ቆለፍክ?" አለችው።

ሌባ በዛ ሊል አፉን ከፈተ፣ ዓይኑ ግን ሳያዝዘው ወደ ካሜራው ሄደ። እሷም ዓይኑን ተከትላ ቀና አለች። ያኔ ገባት። ፊቷ ሲለዋወጥ እያየ ሸምሶ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

"ወላሂ ዛሬውኑ አወርደዋለሁ" ብሎ መሰላል ሊያመጣ ተነሳ።

"ተወው" አለች ብርቱካን፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። "እሱ ባይኖር ስለ እኔ ምን እንደምታስብ በምን አውቅ ነበር?"

ወደ ስፌቷ ተመለሰች። የዙህር አዛን ሲሰማ ሸምሶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ቢቆልፈው ዳግመኛ ስድብ ነው፣ ክፍት ትቶ ጠብቂልኝ እንዳይል በየት አፉ? ሰጋጆቹ ሁሉ ወደ መስጊድ ሄደው ካለቁ በኋላ፣ ጆንያዎቹ መሃል ካርቶን አንጥፎ እዚያው ብቻውን ሰገደ።