ለጓደኛዬ የሚሆን የሰደፍ ከረጢት

ኤሊነድ የወንድሟን አረንጓዴ ፒካፕ ያወቀችው ገና ከኮረብታው ጫፍ ብቅ ሲል ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ዝናቡ አሁን ገና ማባራቱ ነው። እሷም ተኩስ ሜዳው ዳር ካለችው ጎጆ ደጃፍ ላይ ከረጢቶቿን ከሳጥን እያወጣች በሸራ ላይ ትደረድር ነበር። በእጇ የያዘችውን ቁጭ አደረገችና፣ ሰውየው መንገድ ስቶ ይሆናል ብላ ጠበቀች። አልሳተም። መኪናውን አቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ግን ቶሎ አልወረደም።

ወንድሟ ኢድዋልና ኤሊነድ ከእናታቸው ቀብር ወዲህ ተያይተው አያውቁም። በቀብሩም ቢሆን እሱ ከጉድጓዱ ወዲህ፣ እሷ ከጉድጓዱ ወዲያ ቆመው መዝሙሩን ከሰው ጋር ዘመሩ እንጂ፣ ለሻይ እንኳ አንድ ቤት አልገቡም።

ያጣላቸው ተኩስ ነው። አባታቸው በተራራው ማዶ የተኩስ ክለብ አቋቁመው ነበር፤ ሁለቱም እዚያ ነው ያደጉት። በዚያ ክለብ ተኳሽ ማለት በደረቱ ተኝቶ፣ ግራ ክንዱን በማንገቻ ጠፍሮ፣ ጠመንጃውን በገዛ አጥንቱ ተሸክሞ ሺህ ያርድ፣ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ርቆ የተተከለ ዒላማ የሚመታ ሰው ነው። ኤሊነድ በዚህ ወንድሟን ትበልጠው ነበር፤ እሱም ያውቀዋል። ኋላ ግን የመገጣጠሚያ በሽታ አንጓዎቿን ያዘባት። ጣቶቿ ተቆለመሙ፤ በየገበሬው ቤት ደብዳቤ የምታደርስበትን መኪና መሪ ቀኑን ሙሉ መያዝ አቃታት፤ ሥራዋን ተወች። ተኩሱን ላለመተው ግን አንድ መንገድ ነበራት። አፈሙዙን በአጭር መቆሚያ፣ ሰደፉን ደግሞ በከረጢት አስደግፎ መተኮስ። በሌላው አገር ሁሉ የተፈቀደ ነው፤ የራሱም ውድድር አለው። ክለቡ እንዲፈቅድላት ጠየቀች። ሊቀመንበሩ ኢድዋል ነበር። በስብሰባው መሃል ተነስቶ፣ «ትራስ የፈለገ ሰው አልጋው ላይ ይቅር» አለ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ድምፅ ተሰጠ፤ ጥያቄዋ ወደቀ። ኤሊነድም ከሳቁት ሰዎች መሃል ተነስታ፣ በፋሻ በተጠቀለሉ እጆቿ ካፖርቷን ለመቆለፍ ስትታገል ቆይታ፣ ሳትቆልፈው ወጣች።

ወደዚህኛው ክለብ የመጣችው ያኔ ነው። እዚህ ማንም ምንም አላላትም። እያደር የከረጢት ነገር የሚጠየቀው እሷ ዘንድ ሆነ። አዲስ ሰው ሲመጣ ከመግዛቱ በፊት ከእሷ ሳጥን እያወጣ ይሞክራል። ከረጢት እንደ ጫማ ነው፣ በሰው እግር አይለካም ትላቸዋለች።

ኢድዋል በመጨረሻ ወረደ። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። የበጎቹ ሽታ ከእሱ ቀድሞ ደረሰ።

«እንደምን አደርሽ?»

«ደህና።»

ከረጢቶቹን ቁልቁል አያቸው። «አንድ ጓደኛ አለኝ» አለ።

«ደስ ይላል።»

ፊቱ አልተፈታም። «በዚህ በናንተ ዓይነት መተኮስ ሊጀምር ነው። አንድ ከረጢት ገዝቶ ነበር፤ አልሆነውም።» ከመኪናው ሄዶ አመጣው። ትንሽ፣ ለስላሳ፣ በላስቲክ ፍሬ የተሞላ፣ እንደ ተኛች ድመት እጅ ላይ የሚዘረጋ ነው። «ሻጩ ሰው ሁሉ የሚወስደው ይሄንን ነው አለው።»

«ሻጩ አልዋሸም። ጓደኛህ ስለ ራሱ ምን ብሎ ነገረው?»

«ምን ይነግረዋል? ከረጢት ሊገዛ ነው የሄደው፣ ሊናዘዝ አይደለም።»

ኤሊነድ ሳጥኑን ዘግታ ወደ ጎጆው ብትገባ ደስ ባላት። ግን ሰውየው ከረጢቱን የያዘበት አያያዝ ዓይኗን ሳበው። በቀኝ እጁ ብቻ፣ ከደረቱ አስጠግቶ ነበር የያዘው። ጓደኛህ ጠመንጃውንም ልኮታል ወይ ብላ ጠየቀችው። መኪናው ውስጥ አለ አላት። እንግዲያው በእሱ ፈንታ ተኝተህ ተኩስ አለችው።

ሌሎቹ ተኳሾች ገና አልመጡም። ኢድዋል ምንጣፉን ዘርግቶ ተኛ፤ አፈሙዙን መቆሚያው ላይ፣ ሰደፉን ለስላሳው ከረጢት ላይ አኖረ። እንዲህ ያለ ከረጢት በግራ እጅ ነው የሚታዘዘው። ጨመቅ ሲያደርጉት ሰደፉ ከፍ፣ አፈሙዙ ዝቅ ይላል፤ ለቀቅ ሲያደርጉት ደግሞ በተቃራኒው። የመጀመሪያው ጥይት ከዒላማው መሃል በላይ፣ ሁለተኛው ከታች እንዳረፈ አጠገቡ ያለው ስክሪን አሳየ። ሦስተኛው እንደገና ላይ ወጣ።

«ጨመቅ አድርገው እንጂ» አለችው።

«ጨምቄዋለሁ።»

ጣቶቹ አልተንቀሳቀሱም። ከረጢቱ ላይ ሰው ረስቶት የሄደ ጓንት መስለው ተቀምጠዋል። እሱ ግን እየጨመቀ ያለ ነው የመሰለው። ኤሊነድ ቀስ ብላ ተንበረከከችና የትንሿ ጣቱን ሥር በጥፍሯ ቆነጠጠችው። ዓይኑን ከጠመንጃው መነጽር ላይ አላነሳም። አጥብቃ ቆነጠጠችው፤ ቆዳው ነጣ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለ እሱ።

እጇን ሰበሰበች። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ሰው አንድ ነገር እንዲያመው ስትመኝ ኖራለች፤ አሁን ቆንጥጣው አልተሰማውም።

«የጓደኛህ ግራ እጅ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው?»

ኢድዋል ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ መዝጊያውን ከፍቶ ተወው፤ ፊቱን ግን አላዞረም። «ከገና በፊት ጀምሮ። የምድጃውን በር ይዞ፣ ሥጋው ሲሸተው ነው ያወቀው።»

«ሐኪምስ?»

«ክርኑ ላይ ነርቩ ሞቷል ይላል። የማንገቻው ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜ ልኩን ጠፍሮታል። ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል ይላል። ቀኙስ ስለው... ቀኙስ ሲለው፣ ቃል አልገባለትም።»

ሁለቱም ስሕተቱን ሰምተው እንዳልሰሙ አለፉት።

ኤሊነድ ሥራዋን ያዘች። ለዚህ ሰው የሚሆነው እጅ የማይፈልግ ከረጢት ነው። በመጀመሪያ ረጅምና ጠባብ የሆነውን ሰጠችው፤ ጠመንጃው በተራገጠ ቁጥር ወደ ጎን ዘመመ። ሁለተኛው ሰፊ መቀመጫ ነበረው፤ ነገር ግን ከላይ የቆሙት ሁለት የቆዳ ጆሮዎቹ ሰደፉን አጥብቀው ስለያዙት ከረጢቱም አብሮ ይዘላል። ሦስተኛውን እሷ ልታነሳው ስለማትችል ራሱ በቀኝ እጁ ጎትቶ አመጣው። በከባድ ጥቁር አሸዋ የታጨቀ ነው፤ ጆሮዎቹ ደረቅ፣ በመሃላቸው ክፍተት ያለው። ሰደፉ በሁለቱ ጎን ብቻ ተነክቶ እንዲንሸራተት ነው እንዲህ የተሰፋው። በክርኗ ደጋግማ ደቁሳ መሬቱ ላይ አደላደለችው። ከፍታውን ከፊት ባለው መቆሚያ ላይ ባለው የሚጠመዘዝ ቁልፍ በቀኝ እጁ እንዲያስተካክል አሳየችው።

«ግራ እጁስ?»

«ሥራ የለውም። ከፈለገ ኪሱ ይክተተው።»

ተኮሰ። ጠመንጃው ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ሲገፋው ተመልሶ ያው ቦታው ገባ። እንደገና ተኮሰ። ስክሪኑ ላይ ምልክቶቹ መሃል አካባቢ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ኢድዋል ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ። «ጓደኛዬ ደስ ይለዋል» አለ።

«ጓደኛህ እህት አለችው?»

የጠመንጃውን ሣጥን በአንድ እጁ ሲዘጋ ጊዜ ፈጀ። «አለችው» አለ። እሷም የራሱን እስኪገዛ ድረስ ከረጢቱን ይዞ እንዲሄድ ፈቀደችለት።

የቀረውን የነገረቻት የኢድዋል ሚስት ነስታ ናት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ደወለች። ኢድዋል በገዛ ክለቡ ስብሰባ ቆሞ በከረጢት መተኮስ ይፈቀድ ብሎ ጠየቀ። እሱ ያሰለጠናቸው፣ እሱ ያስተማራቸው ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ምክንያቱን አልነገራቸውም፤ እጁንም ኪሱ ከቶት ነበር። ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህ፣ አባትህም አይወዱትም ነበር አሉት፤ በአክብሮት ነው ያሉት። ድምፅ ተሰጥቶ ጥያቄው ወደቀ። ማታ መኪናውን ግቢ ውስጥ አቁሞ፣ እራቱ እስኪቀዘቅዝ ከውስጥ አልወረደም።

«እባክሽ እንዳልነገርኩሽ ሁኚ» አለች ነስታ። «ደግሞ ወደናንተ ክለብ ሊመጣ ነው የሚያስበው።»

አሰበም፤ ጠየቀም። የኤሊነድ ክለብ ሊቀመንበር ሜይሪግ፣ ጭቅጭቅ ከሩቅ ሲያይ መንገድ የሚቀይር ሰው ነው። ከተኩስ በኋላ ሰው ሲበተን ኤሊነድን ለብቻዋ አገኛትና፣ አንቺ ካልፈለግሽ ማንም ለምን አይልም፣ ቦታ የለም እንለዋለን አላት። እስከ እሁድ ላስብበት አለችው።

ቤቷ ገብታ ባስቀረውስ እያለች አሰበችው። ቀላል ነበር፤ መናገር እንኳ አያስፈልግም። ክፋቱን ስታስበው ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ደስታው ራሱ አስጠላት። በማግስቱ ተነስታ በተራራው ላይ ነድታ ያደገችበት እርሻ ሄደች።

ኢድዋልን ያገኘችው በረት ውስጥ፣ አንዲት እግሯ የታመመ በግ በጉልበቱ ይዞ ነው። ኤሊነድ በሩ ላይ ቆመች። እንዲህ አለችው፦

«እንድትመጣ ከመፍቀዴ በፊት ያልከውን ነገር እንድትሽረው እፈልጋለሁ።»

«የቱን?»

«በስብሰባው ያልከውን።»

በጓን ለቀቃት። ብዙ አሰበ፤ እውነትም ሲያስብ ግንባሩ ላይ ይታያል። «ጥያቄሽ እንደወደቀ አስታውሳለሁ» አለ። «እንደተቆጣሽም አስታውሳለሁ። ምን እንዳልኩ ግን አላውቅም፣ ኤሊነድ። ምን አልኩ?»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ቃሉን ከራሷ አፍ መስማት እንደማትችል ያኔ ገባት። እሱ ሳቅ ፈልጎ በአንድ ትንፋሽ የወረወረውን፣ እሷ ስንት ዓመት ይዛው ስታድር ኖራለች፤ እሱ እቤቱ እስኪደርስ እንኳ አልያዘውም። ወይም እየዋሸ ነው። ፊቱን አጥብቃ አየችው፤ የቱ እንደሆነ መለየት አልቻለችም። የቱ ቢሆን እንደሚሻላትም አላወቀችም።

«ተወው» አለችና ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ከኋላዋ ስሟን ጠራ። አልቆመችም።

ለሜይሪግ ይግባ አለችው። ግን እሁድ እሁድ ይምጣ፣ ቅዳሜ የኔ ነው አለች። ሜይሪግ ደስ ብሎት ተስማማ። ኢድዋልም ሳይከራከር ተቀበለ።

ወራቱ እንዲህ አለፉ። ቤቷ ከተኩስ ሜዳው ሩቅ ስላልሆነ እሁድ እሁድ ድምፁ ይሰማታል። ሬዲዮዋን ከፍ ታደርገዋለች፤ ቆይታ ደግሞ ዝቅ። ነስታ አንዳንድ ጊዜ ትደውላለች። ሐኪሙ ሌላ ምርመራ አዟል፤ የቀኝ አውራ ጣቱን አልፎ አልፎ ሲያሻሽ አይታዋለች፤ ስትጠይቀው ብርድ ነው ይላታል።

በመስከረም አንድ እሁድ ኤሊነድ ከገበያ ስትመለስ ከሜዳው በላይ ባለው መንገድ ላይ መኪናዋን አቆመች። ከታች ኢድዋል ተኝቷል። ነስታ የዝናብ ኮቷን ለብሳ ከኋላው ተንበርክካ ከባዱን ከረጢት ሰደፉ ሥር ልታስገባ ትገፋለች። እንደ በፊቱ በቀኝ እጁ ጎትቶ የሚያስተካክለው እሱ አለመሆኑን ኤሊነድ አየች። ነስታ አዙራ ነው ያስቀመጠችው፤ ጠባቡ ወገን ወደ ፊት ሆኗል። እንዲህ ከሆነ ጠመንጃው በየተኩሱ ወደ ጎን ይስታል።

ሞተሩን አላጠፋችም። በእርጥቡ ሣር ላይ ቀስ ብላ ወረደች። ነስታ ቀና ብላ አየቻትና ቦታ ለቀቀችላት። ኤሊነድ ተንበርክካ፣ ጣቶቿ ስለማይረዷት በሁለቱ ክንዶቿ አቅፋ ከረጢቱን አዞረችው፤ ጆሮዎቹን ከሰደፉ ጋር አስተካከለች፤ በክርኗ ደቆሰችው።

ኢድዋል ከኋላው ማን እንዳለ አላየም፤ ወይም አይቶ እንዳላየ ሆነ። ጉንጩን ከጠመንጃው ሳያነሳ፣ «ነፋሱ ዞሯል?» አለ።

ኤሊነድ ሜዳው ላይ የተተከሉትን የነፋስ ባንዲራዎች አየች። «ዞሯል» አለች። «ሁለት ወደ ግራ ስጥ።»

የመነጽሩን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ሲያዞር ጣቱ አንዴ ተንሸራተተበት። ኤሊነድ ተኩሱን ሳትጠብቅ ዳገቱን ጀመረች። ጥይቱ ሲጮህ መንገዱ አጋማሽ ላይ ነበረች፤ የት እንዳረፈ ልትጠይቅ አልተመለሰችም።