ለዘመድ አይፈቀድም

ሚጡ የሰው ጭንቀት ማዳመጥ መማር ከጀመረች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። እናቷ ከሞተችበት ጊዜ ጀምሮ ያሳደጓት አያቷ መጀመሪያ ሥነ ልቦና ሲባል ደስ ብሏቸው ነበር። ለትምህርት ቤትና ለሰፈር ሰው የሚጠቅም ሙያ ነው ብላ ስታስረዳቸው «እሰይ፣ እኔም የሰፈር ሰው አይደለሁ!» ብለው ስቀዋል። አሁን ግን ልጅቷ ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት ደግሞ በሰፈሩ አዳራሽ ለልምምድ ትውልና ገና ከበር «እማማ፣ ዛሬ ጆሮዬ ደክሟል» ትላለች። ጆሮ ይደክማል እንዴ? ደግሞም ከስታለች። የሰው ሸክም ተሸክማ ተሸክማ አንገቷ ሰለለ።

አንድ ሐሙስ አሮጊቷ ሻርፓቸውን ጣል አድርገው ወደ አዳራሹ ወረዱ። ለመንገደኛው ሁሉ የምትሰጠውን ጆሮ ለእኔ ለምን ትነፍገኛለች ብለው ነው። አግዳሚው ላይ ከአንድ ሾፌር ጎን ተቀመጡ። ሚጡ በሩን ከፍታ «ባለተራ!» ስትል ብድግ አሉ።

«እማማ! ምነው፣ አመመሽ?»

«ባለተራ ነኝ።»

«ቤት እናወራ የለ?»

«ቤትማ ጆሮሽ ደክሞት ነው የሚመጣው።»

ሾፌሩ ሳቁ አመለጠው። ሚጡ ፊቷ ቀላ።

«እማማዬ፣ የገዛ ዘመድ መቀበል አይፈቀድልንም። ደንቡ ነው። ጓደኛዬ ጋ ግቢ።»

«አሳድጌሽ ተጎዳሁ በይኛ!»

ጓደኛዋ መነጽር ያደረገች፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ዝም አለች። ዝምታው ሲረዝም አሮጊቷ ሳያስቡት ዘረገፉት፤ ቀኑን ሙሉ ከሬዲዮ ጋር ሲጣሉ እንደሚውሉ፣ ራት በሁለት ሰሃን አቅርበው አንዱን ክዳን ደፍተውበት እንደሚጠብቁ። «እሷ ሁሉን ትሰማለች። እኔ ስሞት እሷን ማን ይሰማታል?» ብለው ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉ።

ሲነሱ «በይ ይህን ንገሪልኝ» አሉ።

«እናቴ፣ እዚህ የሰማሁትን ለማንም አልናገርም። ቃል አለብኝ።»

«ለእሷም?»

«ለእሷም።»

አሮጊቷ እያጉረመረሙ ወጡ። ለጎረቤት ቢናገሩት እኮ ገና ቤት ሳይደርሱ በሚጡ ጆሮ ይገባ ነበር! ይቺ ግን እንደ ጉድጓድ ዋጠችው።

ማታ ሚጡ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ምን አወራችሁ ብዬ እሷን መጠየቅ አልችልም» አለች። «አንቺ ግን ልንገርሽ ካልሽ...»

አሮጊቷ አፋቸውን ከፈቱ። ለባዳዋ እንደ ውኃ የወረደው ነገር እዚህ አልወጣ አላቸው። የልጅቷ ዓይን ሊከደን ምንም አልቀረው። በዚህ ሁሉ ላይ የእኔን ልጨምርባት?

«ሹራብሽን ደርቢ፣ ብርድ ነው» አሉና የራቷን ሰሃን ክዳን አነሱ።

ደረበችና እዚያው አሸለበች። አሮጊቷ የሁለተኛውን ሰሃን ክዳን መልሰው ደፉበት።