በውኃ መውረጃው ዳር የቀረው ዘንባባ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 2016፣ ኀሙስ፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከዘንባባዎቹ የመጀመሪያውን የፍሬ ዘለላ ቆርጬ ጣልኩ። ባለቤቴ ዛይቶን ከሞተች ገና አርባ ቀኗ አልወጣም ነበር። ፍሬዎቹን ሳያቸው ድፍን መሆን ሲገባቸው ከንፈር አብቅለዋል፤ ሁሉም አፋቸውን ከፍተዋል። ቀጥሎ ያለው ዛፍም እንዲሁ፣ ከዚያ የቀጠለውም።

እነዚህን የዘይት ዘንባባዎች ከአንዲት እናት ዛፍ ቅጠል ወስዳ በምትሠራበት ቤተ ሙከራ ጠርሙስ ውስጥ ያሳደገቻቸው እሷ ናት። ከመመሳሰላቸው የተነሣ በመካከላቸው ስትሄድ ከቆምክበት ያልተነቃነቅህ ይመስልሃል።

ሕመሙ ሳይጠናባት እራት ላይ ነግራኝ ነበር።

"በውስጣቸው ተኝቶ መኖር ያለበት ነገር አለ፣ ጃሊል። ትንንሽ አር.ኤን.ኤዎች ቦታውን ያሳያሉ፤ ፕሮቲኖች ተከትለው የዝምታ ምልክት ያደርጉበታል። ምልክቱ ጠርሙስ ውስጥ ከጠፋ ያ ነገር ይነቃል፣ ፍሬውም መልኩን ይስታል።"

"ፕሮቲኑ ብቻውን አይሄድም?"

"ዕውር ነው። አር.ኤን.ኤው ደግሞ እጅ የለውም።"

"እንደኔና እንዳንቺ በያ።"

"ዕውሩ አንተ ነህ" ብላ ሳቀች። ቆይታም "አንዳንዱ ዛፍ ግን ይመለሳል። እንዴት እንደሆነ አናውቅም" አለች።

የእርሻው አለቃችን ቬላዩታም መጥቶ ዘለላውን በእግሩ ገለበጠው፤ እኔን ሁልጊዜ "ፓክ"፣ አባት፣ እያለ ነው የሚጠራኝ።

"ፓክ ጃሊል፣ ይኼ ፍሬ ነው የአዞ መንጋጋ? ዘይት የማይወጣው! ሁሉም ግንዳቸው መርዝ ይወጋ!"

"በውኃ መውረጃው ዳር ያለውን ተውልኝ።"

"ዘመድህ ነው እንዴ?"

"ለመጨረሻ ጊዜ የመጣች ቀን ሲደክማት የተደገፈችው እሱን ነው። አንዳንዱ ዛፍ ይመለሳል ብላኝ ነበር።"

ቬላዩታም ቆቡን አውልቆ መልሶ አጠለቀው። "እሺ፣ አንድ ዓመት። እንዲህ አፉን እንደከፈተ ከቀጠለ ግን እኔው ራሴ ነኝ የምወጋው፤ እንዳትቀየመኝ።"

ሌሎቹ ተወግተው ቅጠላቸው ግንዳቸው ላይ ተንጠለጠለ። እሱ ብቻውን አረንጓዴ ሆኖ ቆመ። በየሳምንቱ ቀና ብዬ አየው ነበር። የሚያፈራው ሁሉ አፉን የከፈተ ነው።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል ቬላዩታም ባለበት አንድ ዘለላ ቆረጥኩ። ግማሹ ከንፈር ነበረው። ግማሹ ለስላሳ፣ ድፍን፣ ደህና ፍሬ ነው። አንድ ሰው ዘለላውን እየዞረ አንድ በአንድ አፋቸውን ሲዘጋ ቆይቶ መሐል ላይ የተጠራ ይመስል ነበር።

ቬላዩታም አልቀለደም። "ማን ነካው?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ማንም።"

ሊወጋው ያመጣውን መርዝ ሳይነካው መልሶ ወሰደው። ቀጥሎ የቆረጥኩት ዘለላ ሙሉ በሙሉ ድፍን ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጡትም።

ወሬው ቤተ ሙከራው ደረሰ። ዛይቶን ትሠራበት ከነበረው ክፍል ሦስት ሰዎች መጡና ሊያራቡት ከአናቱ ገና ያልተገለጠውን ለጋ ቅጠል ከነልቡ ቆርጠው ወሰዱ። ዘንባባ የሚያድገው ከዚያች ልብ ብቻ ነው። ዛፉ ሌላ ቅጠል አላወጣም፤ በዲሴምበር ደረቀ።